የባቄላና የሽምብራ ምርጫ

የአገራችን የ97ቱ ምርጫና የእንግሊዞቹ ምርጫ በአንድ ወር ውስጥ ነው የተካሄዱት። ያን ጊዜ እንግሊዝ አገር፣ ስትሪትሃም የሚባል ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ላይ ካለ ሱቅ በላይ፣ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ተከራይቼ ነበር። የኛን ምርጫ በስልክ፣ የነሱን በቴሌቪዥን ተከታተልኩ። የኛው እንዴት እንዳለቀ የሚያውቅ ያውቀዋል። እዚህ ግን በማግስቱ ያሸነፈውም የተሸነፈውም በአንድ አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ ሥራው ሲሄድ አየሁና ልቤ ተማረከ። ከዚያ ወዲህ የምርጫ ነገር ከተነሳ አፌን መያዝ አልችልም። ዜግነት እንዳገኘሁ የአንድ ፓርቲ በራሪ ወረቀት ይዤ በር ለበር መዞር ሁሉ ጀምሬ ነበር። እህቴ «መቼም ነጻ ሥራ ስትወድ!» እያለች ትስቅብኛለች።

እናታችን አባቴ ካረፈ በኋላ፣ ወላጅ የማምጣቱ ደንብ ከመጥበቁ በፊት፣ የመኖሪያ ፈቃድ አግኝታ መጣችልን። የምትኖረው ከኔና ብቻዬን ከማሳድጋት ልጄ ጋር ነበር። እህቴ ከከተማው ማዶ፣ ካሌዶኒያን ሮድ ስለምትኖር እሁድ እሁድ ትመጣለች። ዜግነት እናውጣልሽ ስንላት እናቴ «በስተርጅናዬ አዲስ ንግሥት ምን ያደርግልኛል?» ብላ እምቢ አለች። ስለዚህ በዚህ አገር ድምፅ አልነበራትም።

ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ ወይስ እንቆይ ተብሎ ሕዝቡ ሲጠየቅ እኔ እንቆይ ካሉት ነበርኩ። በውጤቱ ማግስት እህል አልቀምስ ስል እናቴ ሰው የሞተብኝ መስሏት ደንግጣ ነበር። ቆሽቴን ያሳረረው መሸነፌ ብቻ አልነበረም። ብዙ መልስ ያለውን ጉዳይ ሁለት ሳጥን ውስጥ ከከተቱት በኋላ፣ አሸናፊው መልስ ምን ማለት እንደሆነ የሚነግረን ጠፋ። ከዚያ ዓመታት ሙሉ ፓርላማ ውስጥ ተፋጠጡ። ይህ ሐሳብ ሲቀርብ አይሆንም፣ ያኛው ሲቀርብም አይሆንም።

ይህን ሁሉ ከኔ ይልቅ በትጋት የተከታተለችው እናቴ ናት። እንግሊዝኛ አትሰማም፤ ግን ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ ጋቢዋን ደርባ የፓርላማውን ቻናል ትከፍታለች። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አጠገቧ ቁጭ ብላ ትተረጉምላታለች።

«አሁንስ ምን አሉ?»

«ኖ አሉ፣ እማማ። አጌይን።»

«እነዚህ ሰዎች የማይፈልጉትን ብቻ ነው የሚያውቁት» አለች እናቴ። እስከ ዛሬ ስለዚያ ዘመን ከዚህ የተሻለ ትንታኔ አልሰማሁም።

በመጨረሻ ሌላ መውጫ ሲጠፋ ምርጫ ተጠራ፣ ለታኅሣሥ። በዚያው ሰሞን የኛም ቤት ተፋጥጦ ነበር፤ እናቴ ወደ አዲስ አበባ ትመለስ ወይስ እዚህ ትቆይ በሚል። እህቴ ትመለስ ባይ ናት። «እኛ ሥራ፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት። ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ስታይ ትውላለች እኮ። እዚያ ቤቷ አለ፣ ጎረቤት አለ» ትላለች። እኔ ደግሞ «እዚህ ሐኪም አለ፣ እኛ አለን» እላለሁ። እሁድ እሁድ ይኸው ነው፤ እህቴ ተናዳ ትሄዳለች፣ እኔ ተናድጄ ዕቃ አጥባለሁ። እናቴን ስንጠይቃት ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሸክም ሆንኩባችሁ። ብመለስ ሳይሻል አይቀርም። ብቻ እናንተ እንዳላችሁ።»

አንድ እሁድ እህቴ ከረር አደረገችው። «ቲኬቱን ቼክ አድርጌያለሁ፤ ጃንዋሪ ላይ ርካሽ ነው» ስትል እኔም ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ይህን ጊዜ እናቴ ከሶፋው ተነሳች።

«ለምን ድምፅ አንሰጥም?» አለች።

ሳቅን። እሷ አልሳቀችም።

«እነሱ ሲያቅታቸው ምርጫ ጠሩ አይደል? እኛም እንምረጥ። ግን በሚስጥር ይሁን። ማን ምን እንዳለ ማንም እንዳያውቅ፣ ማንም ማንንም እንዳይቀየም።»

ወጥ ቤት ገብታ የባቄላውንና የሽምብራውን ማሰሮ አወረደች። ባቄላ መሄድ፣ ሽምብራ መቆየት። መሀል ላይ ድስት አስቀምጣ፣ የሚወድቀው ፍሬ ኮሽታው እንዳይለይ ውስጡ ፎጣ አነጠፈች። አንድ በአንድ ገብተን፣ በሩን ዘግተን፣ አንዲት ፍሬ ጥለን እንድንወጣ አዘዘችን። አራት መራጮች ነበርን፤ እሷ፣ እህቴ፣ እኔና ገና አሥራ ስምንት የሞላት ልጄ። እኔ ጨዋታው ደስ ብሎኝ ነበር። ቤቴ ውስጥ ዴሞክራሲ ሰፍኗል ብዬ ቀለድኩ።

ተራዬ ደርሶ ብቻዬን ስቆም ግን እናቴ ትዝ አለችኝ። ከጥቂት ቀን በፊት ከአገር ቤት ጎረቤቷ ጋር በስልክ አውርታ ስትጨርስ ዓይኗን በነጠላዋ ስትጠርግ አይቻታለሁ። አገሯ ናፍቋት ለኛ ስትል የታገሠች መሰለኝ። እንድትቆይ የምፈልገው እኔ ነኝ፣ ለራሴ ብዬ፤ የራሴን ፍላጎት ዋጥ ማድረግ ፍቅር ነው አልኩ። ባቄላ ጣልኩ።

ድስቱ ሲገለበጥ ሦስት ባቄላና አንዲት ሽምብራ ወጣ። ልጄ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ሁላችንም ወደ እሷ ዞር አልን፤ ሽምብራዋ የማን እንደሆነች ለመጠየቅ እንኳ አላስፈለገንም። እናቴ ሄዳ አቀፈቻት፣ ጸጉሯን ዳበሰችላት። ከዚያ «በቃ፣ ተቆጥሯል» ብላ ባቄላውን ወደ ባቄላው፣ ሽምብራዋን ወደ ሽምብራው ማሰሮ መለሰች። ዓመታት ሙሉ በቴሌቪዥን ያየኋቸው ተሸናፊዎች ሽንፈታቸውን እንደዚያ በክብር ሲቀበሉ አላየሁም። ያን ቀን ግን ተሸናፊዋ ማን እንደሆነች አላወቅሁም ነበር።

ጃንዋሪ ላይ ሸኘናት። በየዓመቱ እየመጣች ትጠይቀናለች ብለን ነበር። ወዲያው የኮሮና በሽታ መጣና መንገዱ ተዘጋ። መንገዱ ሲከፈት ጉልበቷ እምቢ አለ፤ ጉልበቷ ሻል ሲለው ደግሞ ከአገር ከወጣች ከሁለት ዓመት በላይ ሆኗት የመኖሪያ ፈቃዷ ወድቆ ነበር። የጠየቅሁት ጠበቃ እንደገና አፕላይ ብናደርግም የሚሳካ እንዳልሆነ ነገረኝ። እኔም እዚያው ደስ ብሏታል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

አምስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ሌላ ምርጫ መጣ። ልጄ ሥራ ይዛ ለብቻዋ ብትወጣም ለምርጫ ቀን አብረን እንሄዳለን፤ ልማዳችን ነው። ድምፅ ወደሚሰጥበት ትምህርት ቤት ስንሄድ ስለ ፓርቲዎቹ ስለፈልፍ አቋረጠችኝና፦

«ዳዲ፣ ያን ቀን እኮ እኔም ባቄላ ነው የጣልኩት» አለችኝ።

ክው አልኩ። «ታዲያ ያ ሁሉ ለቅሶ?»

«እንድትሄድ አልፈለግሁማ! ግን ሁልጊዜ ብመለስ ይሻላል ትል ነበር። ኦነስትሊ፣ ሺ ዋንትስ ቱ ጎ፣ መሄድ ትፈልጋለች ብዬ ነው።»

እዚያው አጥሩ ሥር ቆሜ እህቴ ጋ ደወልኩ። «እኔማ ባቄላ ነኝ፤ ምን ይጠየቃል?» አለች። ምክንያቱን ስነግራት «ታዲያ ሽምብራዋ የእማዬ ነበረች?» አለች።

እኛ ቤት እኮ እንግዳ «በልቼ ነው የመጣሁት» ቢል ማንም አያምነውም። በሞቴ ይባላል፣ ይለመናል፣ ይጎረሳል። እናቴ «ብመለስ ይሻላል» ስትል የምትጠብቀው «ኧረ በሞቴ!» የሚል ሰው ነበር። እኔ በራሪ ወረቀት ሳዞር በየበሩ የሚባለውን አዎንና አይደለምን እንደወረደ መቀበል ለምጄ፣ የገዛ እናቴን ይሉኝታ እንደ ቁርጥ መልስ ወሰድኩት። እንድትቆይ የፈለግን ሁለታችን እሷን ደስ እናሰኝ ብለን እንድትሄድ መረጥን። በሕይወቷ አንድ ጊዜ፣ ሰው ሳያያት፣ በሩን ዘግታ የፈለገችውን የተናገረችው እሷ ብቻ ናት።

ድምፄን ሰጥቼ መውጣቴን አስታውሳለሁ፤ ማንን እንደመረጥኩ ግን ለማሰብ ትንሽ ጊዜ ይወስድብኛል። ቤት ገብቼ እናቴ ጋ ደወልኩ። ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ጎረቤቶቿ፣ ስለ ዝናቡ አወራን። በመጨረሻ እንደምንም ብዬ ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ ያቺ ሽምብራ ያንቺ ነበረች?»

«በሚስጥር ነው ተባብለን አልነበረም እንዴ?» ብላ ሳቀች።

አልሳቅሁም። «ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት።

«ተናግሬ ነበር እኮ፣ ልጄ» አለችኝ። «ድምፄ አነሰ እንጂ።»