የቬርና ኦዲተር

ቬርና ሆግላንድ የትምህርት ወረዳችን የሂሳብ ሹም ነበረች። ሹም ትባል እንጂ ከሥሯ ማንም አልነበረም። ደመወዝ የምትከፍለው፣ ለአውቶቡሶቹ ነዳጅ የምታዘው፣ ማሞቂያው ሲበላሽ ጠጋኝ የምትጠራው እሷ ናት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል።

የወረዳው ሂሳብ በውጭ ኦዲተር መመርመር አለበት። ካልተመረመረ የግዛቱ መንግሥት ድጎማውን ይይዛል። ያለ ድጎማ ትምህርት ቤቱ አንድ ዓመት አይዘልቅም። እኛ ያለንበት የሞንታና ጥግ ድረስ የሚነዳ ኦዲተር ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፤ ኦርቪል ስቴነሩድ፣ ከማይልስ ሲቲ።

ኦርቪል በየበልጉ መጥቶ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ይቀመጣል። ምሳውን ከልጆቹ ጋር ተሰልፎ ከፍሎ ይበላል።

«አንድ ጭልፋ ድንች ጉቦ ይሆናል ብለህ ነው?» ትለዋለች የትምህርት ቤቱ ምግብ አብሳይ አርሊስ።

«ይሆናል። ደረሰኝ ስጪኝ።»

ሚስቱ ከሞተች በኋላ፣ አንድ ዓመት ሪፖርቱን ፈርሞ እንደጨረሰ፣ ቬርናን ፍራፍሬ የተሞላ ፓይ ጋበዛት። በጸደይ ላግባሽ አላት። እሺ አለች። በሚቀጥለው ስብሰባ ለትምህርት ቤቱ ቦርድ ተናገረች፤ ኦዲተር የእጮኛውን ሥራ መመርመር አይችልም።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አላት ሊቀመንበሩ ድዌይን ትቬይት። «ኦዲተራችንን ግን ነጠቅሽን።»

«ጨረታ እናውጣ» አለች። «ኦዲተር እሱ ብቻ ነው እንዴ?»

ጨረታ ወጣ። ሰነድ የሚከፈትበት ቀን ሲደርስ የሚከፈት ሰነድ አልነበረም። ቬርና ቢሊንግስ ከተማ ላሉት የኦዲት ቢሮዎች አንድ በአንድ ደወለችላቸው። አንዷ ወጣት ብቻ ረጋ ብላ መለሰችላት። «እሜቴ፣ ትልልቆቹን ወረዳዎች እንኳ አላዳረስንም። እናንተ ጋ የምንልከው ሰው የለንም።» ጨረታው እንደገና ወጣ። እንደገና ማንም አልመጣም።

ድዌይን ቤቷ ድረስ ሄደ። ማድ ቤቷ ውስጥ ተቀምጦ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ሥራዬን ልልቀቅ» አለችው።

«ብትለቂም የዘንድሮውን ሂሳብ የሠራሽው አንቺ ነሽ። ደግሞስ ማን ይተካሻል? ጋሪ?»

ጋሪ የቦርዱ አባል ነው፤ የራሱን የመብራት ክፍያ እንኳ የሚረሳ ሰው። ቬርና አልሳቀችም።

«አግቢው ወይም አታግቢው ልልሽ አልመጣሁም» አለ ድዌይን።

«ታዲያ ለምን መጣህ?»

ፓይ ቆረሰችለትና በልቶ ሄደ።

ማታ ኦርቪል ጋ ደወለች። «አንድ ዓመት እንቆይ። ሌላ ሰው እስኪገኝ።»

«መቆየት የሚባል ነገር የለም ቬርና። ከወረዳው ሰው ጋር ምንም ግንኙነት የለኝም ብዬ ነው የምፈርመው። እያለኝ አልፈርምም።»

«እንግዲያው ግንኙነት አይኑርህ።»

በበልግ ኦርቪል መጣ። «ወይዘሮ ሆግላንድ፣ የባንኩንና የመዝገቡን ሂሳብ ማስታረቂያ ያቅርቡልኝ» አላት። አቀረበችለት። ሪፖርቱ ላይ እንደ ወትሮው ሁሉንም ሥራ አንድ ሰው እንደሚሠራው ጻፈ፣ ሁለተኛ ሰው ይቀጠር ብሎ መከረ። ቦርዱ እንደ ወትሮው አቅም የለንም ብሎ መለሰ። አርሊስ ድንቹን አቀረበችለት፤ ደረሰኙንም ሳይጠይቃት ሰጠችው።

እንዲህ ሲባል ዓመታት ሄዱ። ጨረታው በወጣ ቁጥር የሚወዳደረው ኦርቪል ብቻ ነው። በመካከሉ ገበሬዎቹ መሬታቸውን ለትልልቆቹ ባለእርሻዎች ሸጠው ልጆቻቸውን ይዘው ሄዱ። አንደኛ ክፍል የሚገባ ልጅ በጠፋበት ዓመት ቦርዱ ትምህርት ቤቱን ለመዝጋት ድምፅ ሰጠ። ቬርና ቃለ ጉባኤውን ያዘች።

የመዝጊያውንም ሂሳብ ኦርቪል መረመረ። ፈርሞ በላከ ቀን ቬርና ደወለችለት።

«አሁን የሚከለክለን የለም» አለችው።

«ቤቱን ሸጥኩት። ልጄ ስፖካን ከተማ እሷ ጋ ልትወስደኝ ነው። አንድ ክፍል ሰጥታኛለች። ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ ኖሮ።»

«ሳትፈርም እንዴት ልነግርህ እችል ነበር?»

«አትችዪም» አለ። «ልክ ነሽ።»

የትምህርት ቤቱን ሕንፃ ማዳበሪያ ሊያከማችበት የፈለገ ነጋዴ ገዛው። በማግስቱ ቁልፎቹን ያስረከበችው ቬርና ናት።