ነጋሽ የተረጎመው ፊልም

ባለፈው ሳምንት ከሚዛን ከተማ ወደ ቴፒ በአውቶቡስ ስመለስ አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት በስልኩ ፊልም ያይ ነበር። አፏ አረፋ የደፈቀ ሴት ሰዎችን ለመንከስ ታባርራለች። ከኋላችን ያሉትም አንገታቸውን አስግገው እያዩ ይስቃሉ። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። እንዲህ ያለ ፊልም ባየሁ ቁጥር ወንድሜ አስራት ፊቴ ድቅን ይልብኛል።

አስራት ታላቄ ነው። ቴፒ ገበያ ከነገለባው የደረቀ ጀንፈል ቡና በጆንያ ይሸከም ነበር። ከልጅነቱ የሚጥል በሽታ ቢኖርበትም ከመድኃኒት ቤት የሚገዛትን ነጭ ክኒን እየዋጠ ከሰው እኩል ይሠራል። አልፎ አልፎ ሲወድቅ ሰዎች ክብሪት ጭረው ጭሱን ያሸቱታል። ምንም እንደማይረባ አሁን አውቃለሁ፤ ያኔ ግን የሚመጡት ሊረዱት ነበር።

ያን ጊዜ የሰፈራችን ቪዲዮ ቤት የራሱ አስተርጓሚ ነበረው፤ ነጋሽ ይባላል። ፊልሙ ሲታይ ከጎን ቆሞ በድምፅ ማጉያ ያስረዳል። እንግሊዝኛው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረምና ያልገባውን ከራሱ ይሞላዋል። እኛም ብንሆን የምንሄደው እሱን ለመስማት ነው። የቡና ለቀማ በደራበት በኅዳር፣ አንድ እሑድ፣ አረፋ የሚደፍቁ ሰዎች ከተማ ሲፈጁ የሚያሳይ ፊልም መጣ።

"ይሄ የሚጥል በሽታ ነው፤ በአረፋው ይተላለፋል" አለ ነጋሽ። አክተሩ ነጭ ክኒን ሲውጥ ደግሞ "የሚጥል በሽታ ክኒን ቀድሞ የዋጠ አይያዝም" ብሎ ጨመረበት።

በማግስቱ ጤነኛው ሁሉ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ተኮለኮለ። ባለመድኃኒት ቤቱም ምን ቸገረው፣ ሸጠ። አስራት ሲሄድ ክኒኑ አልቋል። ሚዛን ሰው ብንልክ ወሬው እዚያም ቀድሞ ደርሶ ኖሯል።

ቅዳሜ ገበያ መሐል ጎደሬ በዳጣ ይዤለት ሄድኩ። ክኒን ከዋጠ ቀናት አልፈዋል።

"ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ ቤት ብትውል" አልኩት።

"ማን ያበላናል?" አለኝ።

ጉርሻውን ሳይውጥ ወደቀ። አረፋ ሲደፍቅ አንዱ "እንዳይነካችሁ" ብሎ ጮኸ። የመጀመሪያው ድንጋይ ግንባሩን ከፈለው። ከዚያ ዱላ፣ ከዚያ የቡና መመዘኛ ብረት። ላዩ ላይ ተደፋሁበት፤ በርግጫ ጎኔን ብለው ፈነቀሉኝ። ደሙ በተደፋው ጀንፈል ላይ ፈሰሰ።

ነጋሽ እየሮጠ መጥቶ መሐላቸው ገባ። "ተዉት፣ እኔ ነኝ የፈጠርኩት፤ ፊልሙ እንዲያ አላለም" አላቸው።

"በዓይናችን ያየነውን ልትክደን ነው?" ብለው አፉን በዱላ አሉት። ጥርሱ ረገፈ።

ፖሊስ ወደ ሰማይ ተኩሶ ሲበትናቸው አስራት እጄ ላይ ሞቷል። መጀመሪያ ድንጋይ የወረወረው ጎረቤታችን ጋሽ በላይ ነበር። ሲፈተሽ ከሸሚዙ ኪስ በወረቀት የተጠቀለሉ ነጫጭ ክኒኖች ወጡ።

"ለልጆቼ ብዬ ነው" አለ።

ታስሮ ተፈታ። ዛሬም እዚያው ሰፈር ነው፤ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሲያገኘኝ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለኛል። አልመልስለትም።

አውቶቡሱ ውስጥ ያ ወጣት ፊቴን አይቶ "እማማ፣ ፊልም እኮ ነው" አለኝ። የዋህ ልጅ ነው። የሰፈሬ ሰዎችም እስካሁን "ፊልም ነው ያሳሳታቸው" እያሉ ያጽናኑኛል። ያንን ፊልም ያዩት ለአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ወንድሜን ግን ዕድሜውን ሙሉ ያውቁት ነበር።