ስም የማይጻፍበት ቅጽ

ያ አስተማሪ በሆቴሉ የስብሰባ አዳራሽ በር ሲገባ መጀመሪያ ያወቅኩት ቦርሳውን ነው። ያው ቡኒ ቦርሳ። ውስጡ ያለችውንም አውቃታለሁ፣ ጠርዟ የተበላ ሃንድአውት ናት። እሱ ግን እኔን አላወቀኝም። ባህል አዳራሽ አካባቢ ባለ ሆቴል ፕሮጀክተርና ማይክ የምገጥመው እኔ ነኝ፤ ገመድ የሚጎትት ሰው ፊቱን ማን ያየዋል?

ኮሌጅ ኤሌክትሪክ ስማር ያቺን ሃንድአውት አንድ ሴሚስተር ሙሉ አነበበልን። እሱ ያነባል፣ እኛ እንጽፋለን። ስትጠይቀው መልሱ «ወረቀቱ ላይ አለ» ነው። መጨረሻ ላይ የመምህር መገምገሚያ ቅጽ ታደለን፤ ስም አይጻፍም ተባልን። እኔ ጅሉ አምኜ «ይሄ ሰው ያነባል እንጂ አያስተምርም፤ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ይበቃን ነበር» ብዬ ጻፍኩ።

ቢሮው አስጠራኝ። ቅጹንና የፈተና ወረቀቴን ጎን ለጎን ዘርግቷቸዋል። የኔ ጽሑፍ እንደሆነ ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው፣ የትም ይታወቃል።

«በል ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደህ ተማራ!» አለኝ።

ኤፍ ሰጠኝ። ያቺ ኤፍ ከኮሌጅ አስባረረችኝ። እናቴ እስከዛሬ ታቦር ሰፈር ላሉት ጎረቤቶቻችን «አሞት ነው ያቋረጠው» ትላለች።

ሆቴሉ ውስጥ ባየሁት ቀን ደግሞ ጌታው የማስተማር ዘዴውን ሊያሻሽል ከሌሎች መምህራን ጋር ስልጠና መጣ! አሰልጣኟ አስር አስር ደቂቃ ታስተምራላችሁ፣ የቀራችሁት ተማሪ ትሆናላችሁ አለቻቸው። እርስ በርስ ሲሞጋገሱ ሰለቻትና ወደኔ ዞረች።

«የኔ ወንድም፣ አንተ ና ተቀመጥ። ያልገባህን ጠይቅ።»

የሱ ተራ ደረሰ። ያቺኑ ሃንድአውት ስላይድ አድርጓታል። ጀርባውን ሰጥቶን ስለ ፊውዝ ማንበብ ጀመረ። የፕሮጀክተሩን ገመድ በእግሬ ሳብ አደረግኩት። ስክሪኑ ድርግም።

«ምን ሆነ?»

«ሞቆ ነው ቲቸር፣ ትንሽ ይቆያል። እስከዚያ ፊውዝ ለምን እንደሚቃጠል በቃልዎ ያስረዱን።»

ወደ ጠፋው ስክሪን ዞረ። ላቡን ጠረገ።

«እ... ስላይዱ ላይ አለ።»

«ኧረ ጋሼ፣ ስላይዱ እኮ የለም!» አለው አንዱ ባልደረባው። አዳራሹ በሳቅ አለቀ። አልዋሽም፣ ቅንጣት አላሳዘነኝም።

አሰልጣኟ ስላስተማረው ሰው የሚሞላውን የአስተያየት ቅጽ ለኔም ሰጠችኝ። «ስም አይጻፍም» አለች። ያኔ የጻፍኩትን አንድ ቃል ሳልቀንስ ደገምኩት። ከስሩ ስሜን ከነአባቴ፣ ከነአያቴ፣ ከነተማሪነት ቁጥሬ በትልቁ ጻፍኩ። ወስጄ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

ስሜ ጋ እንኳን አልደረሰም። ፊቱ አመድ የመሰለው ገና የእጅ ጽሑፌን ሲያይ ነው።

«አንተ...»

አንቱታውን እዚያው ጣልኩት።

«አዎ፣ እኔ ነኝ። በል አሁን ኤፍ ስጠኝ።»