የዶርቃ ሦስት የዕረፍት ቀናት

ዶርቃ በሃያ ስድስት ዓመት የመንግሥት ሥራዋ የዓመት ፈቃድ የወሰደችው ወይ ለለቅሶ ወይ ለሠርግ ነበር። ለመዝናናት ፈቃድ መውጣት የሚባለውን ከሰው ትሰማለች እንጂ ለእሷም ይደርሳል ብላ አስባ አታውቅም። በሁለት ሺህ ዓ.ም. ግን፣ የሚሌኒየሙ ሽር ጉድ ገና ሳይበርድ፣ የመሥሪያ ቤቷ ሠራተኞች አውቶቡስ ተከራይተው የሦስት ቀን ጉብኝት አዘጋጁ። አብራት መዝገብ ቤት የምትሠራው ዓለም ሳታማክራት ስሟን አስመዘገበች። «ወንበርሽ ተይዟል። ብትቀሪ እኔም እቀራለሁ» አለቻት። ዓለም እንዲህ ናት፤ ሰው ደስ እንዲለው ስትፈልግ ታስገድዳለች።

ዶርቃ ሲግናል የምትኖር ጴንጤ ናት። እዚያው ሰፈር ባለችው ጸሎት ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የጌታን እራት የምታዘጋጀው እሷ ናት። በዚያ ቤት አልኮል የማይታሰብ ስለሆነ፣ በየወሩ ዘቢብ አጥባ፣ ለዘብ ባለ እሳት ቀቅላ፣ በጨርቅ አጥልላ ትንንሾቹን ብርጭቆዎች ትሞላለች። ትሪው በምእመኑ መሐል ዞሮ ሲመለስ የምትተርፈው የመጨረሻዋ ብርጭቆ የእሷ ናት፤ ቆማ፣ ዓይኗን ጨፍና ትጠጣታለች። አትዘምር፣ አትሰብክ፤ ያላት አገልግሎት ይኸው ነው። እውነቱን ለመናገር ትኮራበታለች። ሌላ ሰው ድስቷን ሲነካባት አትወድም።

የመጀመሪያው ቀን እንጦጦ ነበር። አውቶቡሱ ዳገቱን እያቃሰተ ወጥቶ ጫካው አጠገብ አወረዳቸው። ዶርቃ ጉልበቷን ስለሚያማት ብዙም ሳትሄድ የወደቀ ባሕር ዛፍ ላይ ተቀመጠች። ረቡዕ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ እጇን አጣጥፋ መቀመጧ መጀመሪያ አሳፈራት። ነፋሱ ቅጠሉን ያንሿሽዋል፤ ከተማው ከታች ጭጋግ ለብሷል። ሲግናልን በዓይኗ ፈልጋ አጣችው።

«ያ ሁሉ ጣጣ ያለው እዚያ ውስጥ ነው?» አለች።

«እዚያው ነው። ማታ ተመልሰሽ ትገቢበታለሽ» አለች ዓለም።

ከሰዓት በኋላ እዚያው እንጦጦ ላይ ያለውን የምኒልክን ቤተ መንግሥት ጎበኙ። ዶርቃ የጠበቀችው ወርቅና መስተዋት ነበር፤ ያገኘችው የጭቃ ግድግዳና የእንጨት ጣሪያ ነው። ደስ አላት። ግድግዳውን ሰው ሳያያት በመዳፏ ዳሰሰችው። በማግሥቱ ስድስት ኪሎ ገነተ ልዑል ገብተው የጃንሆይን መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት ሲያዩ፣ ዓለም ገንዳውን ትክ ብላ ተመልክታ «እዚህ ቤት ውሃ አይጠፋም ነበር ማለት ነው» ብላ ሰውን ሁሉ አሳቀች። ዶርቃ ያን ያህል ስቃ አታውቅም። ወደ ቤቷ ስትመለስ ታክሲ ውስጥ ብቻዋን ፈገግ ስትል ረዳቱ ዞር ብሎ አያት።

ነገሩ የተበላሸው በሦስተኛው ቀን ነው። የወይን ጠጅ ፋብሪካ ገቡ። አስጎብኚዋ ልጅ «የማትጠጡ አትገደዱም» ብላ ተናግራለች፤ ዶርቃ ግን ከኋላ ቀርታ በርሜሎቹን እያየች፣ ይህን ሁሉ ለመሙላት ስንት ኩንታል ዘቢብ ይፈጃል እያለች ነበርና አልሰማችም። በዚህ መሐል ትንንሽ ብርጭቆዎች የተደረደሩበት ትሪ ሰዉን ሁሉ አዳርሶ እሷ ዘንድ ደረሰ። አንዲት ብርጭቆ ቀርታለች። እጇ ማንንም አልጠየቀም። አነሳች፣ አንገቷን ደፋች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው።

«ኧረ ዘቢቡ ተበላሽቷል!» አለች ጉሮሮዋን ይዛ።

ዓለም መጀመሪያ ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ የጓደኛዋን ፊት አየችና ሳቋን ዋጠችው። «በማርያም! ከእኔ አፍ አይወጣም። የቤተ ክርስቲያንሽ ሰው አንድም የለ፤ ማን ያውቃል?»

ዶርቃ ባዶዋን ብርጭቆ ትሪው ላይ መለሰች። ያለፈው ዓመት ትዝ ብሏት ነበር። ዮፍታሔ የሚባል ዘማሪ ሠርግ ላይ አንድ ቢራ ጠጥቶ ሦስት ወር ከአገልግሎት ሲታገድ፣ «ሳላስበው ነው» እያለ ሲለማመጥ፣ እሷ «ሥርዓት ሥርዓት ነው» ካሉት አንዷ ነበረች።

ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ፊት ቀርባ ተናገረች። ሰብሳቢው አቶ ገመዳ ሳቃቸው አመለጣቸው።

«እህት ዶርቃ፣ ይኼማ ልማድ ነው እንጂ መጠጣት ነው እንዴ? ነገ እራት አለ። ሂጂና ዘቢብሽን ቀቅይ።»

«ዮፍታሔን እንደዚህ አላሉትም፣ ጋሼ» አለች።

አቶ ገመዳ መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ጠረጉት። «ሦስት ወር» አሉ በመጨረሻ፤ «ከአገልግሎት ነው እንጂ ከማዕዱ አይደለም።» ድስቱ ጵርስቅላ ለምትባል የኮተቤ ኮሌጅ ተማሪ ተሰጠ።

እሁድ ዶርቃ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሌላው ሰው ወንበር ላይ ተቀምጣ ትሪው መጣላት። በጵርስቅላ ቀናች። ብርጭቆዋን አነሳችና ቀመሰች። ዘቢቡ አርሯል። አንዳች ክፉ ደስታ ውስጧ ብልጭ አለ፤ ወዲያው ራሷን ታዘበችና አለቀሰች። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ መንፈስ ነክቷት ነው ብለው ትከሻዋን አሻሹላት።

ሰዉ ሲበተን ጵርስቅላ ሮጣ መጣች። ዓይኗ እንቅልፍ በማጣት ቀልቷል፤ አንድ ጣቷ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«እትዬ፣ እባክዎ እውነቱን ይንገሩኝ። እንዴት ነበር?»

ዶርቃ የልጅቷን ጣት ይዛ ጨርቁን አስተካከለችላት።

«እንደዚህ የሚጥም ቀምሼ አላውቅም፣ የኔ ልጅ» አለቻት።

ይህችኛዋን ለሽማግሌዎቹ አልተናገረችም።