ቁስሉ ደርቋል

ዝናብ ያረጠበው ጥድ በሸተተኝ ቁጥር የዲንሾ ልጅነቴ ይመጣብኛል፤ ልጠላው ብዬም አልሆነልኝም።

ቤታችን ከፓርኩ ጫካ አጠገብ ስለነበር፣ በጋ ሲገባ ከታላቅ ወንድሜ ከቶላ ጋር በአጥሩ እየሾለክን፣ ኮሶው ሥር ድብብቆሽ ስንጫወት እንውል ነበር። ከርከሮዎቹ ለምደውን ቀና ብለው እንኳ አያዩንም ነበር። ቶላ መደበቅ አይችልበትም ነበር፤ ሳቁ ያጋልጠዋል።

አንድ ቀን ስንመለስ፣ የማን እንደሆነ የማናውቀው ውሻ ከጥሻው ወጥቶ የቶላን ባት ነከሰውና፣ ሳይጮህ መንገዱን ቀጠለ። እማዬ «ማል ታቴ? ምን ሆንክብኝ ልጄ?» እያለች በሳሙና አጠበችውና፣ «ዛሬውኑ ጎባ ሆስፒታል እንውሰደው» አለች። አባቴ ግን ሰው እንዲያዘው የማይወድ ኩሩ ነበርና፣ ሥር ቀጥቅጠው የሚሰጡ ሽማግሌ ዘንድ ወሰደው። እሳቸውም ዱቄቱን ነስንሰውበት «ቁስሉ ከደረቀ አይዞህ፣ ምንም አይሆንም» አሉት። እውነትም ደረቀ።

በልግ ላይ ቶላ ሱሪውን እየሰበሰበ ጠባሳውን ለመንደሩ ልጅ ሁሉ ያሳይ ነበር፤ ጅብ ነው የነከሰኝ ብሎ ሲዋሽም እኔ እመሰክርለት ነበር። እማዬ ግን ጎባን አልረሳችም፤ ገብሱ ሲዘራም ሲታረምም አባቴን ትጨቀጭቀው ነበር። እሱም «አንቺ ሴትዮ፣ ደርቋል እኮ! ሐኪሙን ምኑን እይልኝ ልትዪው ነው?» ይላት ነበር።

ክረምት ሲገባ ጠባሳውን ያሳክከው ጀመር፤ ከዚያም አተኮሰው። አንድ ጠዋት ውኃ ጠማኝ ብሎ ኩባያውን ሳቀርብለት፣ አፉ ጋ ሳይደርስ ጉሮሮው ተሸመቀቀና ከእጄ ላይ መታው። «ጠምቶኛል እኮ!» እያለ ያለቅስ ነበር። አባቴ በዚያ ዶፍ ተሸክሞት ጎባ አደረሰው፤ ሐኪሙ ግን የእብድ ውሻ ክትባት የሚያድነው በሽታው ሳይጀምር መሆኑን ነገረው። በዚያው ሳምንት ቀበርነው። በጋው ሲመለስ ወደ ጫካው መሄድ ማንም አልከለከለኝም፤ ብቻዬን ከማን ልደበቅ?

ዛሬ ሮቤ ነው የምኖረው፣ ልጆቼም የሚጫወቱት ዘበኛ ባለው መናፈሻ ነው። አባቴ ግን እዚያው ዲንሾ አርጅቷል። የማንም ልጅ ይሁን ውሻ ነከሰው ከተባለ፣ ከወላጆቹ ቀድሞ ልጁን አቅፎ የጎባ ሚኒባስ ውስጥ ይገባል። ሹፌሩ «አባባ፣ ሰው ይሙላ፣ ምን አስቸኮለዎት?» ሲለው፣ ለሚስቱ እንኳ እሺ ብሎ የማያውቀው ያ ሰው፣ ተሳፋሪው ሁሉ እያየው ይለምነዋል፦

«በፈጠረህ ልጄ፣ ንዳው!»