የሰባ አምስት ኪሎው አትክልተኛ

አዲሱ የሣር ማጨጃ ማሽን ትምህርት ቤቱ ግቢ የሚገባበት ቀን ሲታወቅ አትክልተኛው ጸጉሩን ተስተካከለ፤ ጫማውንም ቀለም አስቀባ። የትምህርት ቤቱ ወጥ ሠራተኛ የሆነችው ሚስቱ በኩሽናው መስኮት አንገቷን አውጥታ «ማሽን የምትቀበል ሳይሆን ልጃገረድ የምታጭ ነው የምትመስለው» ብላ ቀለደችበት። አልተቆጣም፤ እንዲያውም ውስጥ ውስጡን ደስ አለው። በዚያ ግቢ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ እየተገፋ የሚያጭደውን አሮጌ ማሽን ሲገፋ ኖሯል፤ ተቀምጦ ማጨድ የሚባል ነገር ለእሱ እንደ ሹመት ነው።

ሹመቱ ግን በደህና ቀን አልመጣም። ባለፈው ዓመት ጠና ያለ ሕመም ታሞ ሆስፒታል ከርሞ ሲወጣ፣ ግማሽ ሰውነቱን እዚያው ረስቶት የመጣ ይመስል ነበር። አሮጌውን ማሽን እስከ ኳስ ሜዳው ጫፍ ገፍቶ ሲደርስ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ ያኔ የግቡን ቋሚ ተደግፎ ዝናብ መምጣት አለመምጣቱን የሚመረምር ይመስል ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል። አስተዳዳሪዋ ይህን ምርመራ ከቢሮዋ ሆና ደጋግማ ስላየች ነው በጀት ለምና አዲሱን ማሽን ያስገዛችው። በዚያው ግን አንድ ነገር ቁርጥ አድርጋ ነገረችው። አዲሱን መንዳት ከከበደው እሱ በር ላይ ወንበር ይዞ ይቀመጣል፤ ማሽኑን ዘበኛው ይረከባል። እሷ እንዲህ ያለችው አዝናለት ነው። ለአትክልተኛው ግን ሜዳውን ሌላ ሰው ሲያጭደው በር ላይ ቁጭ ብሎ ማየት በቁም ከመቀበር የሚለይ አልሆነለትም።

የኪሎው ነገር የተጀመረው ከዚያ በፊት ነው። ከሆስፒታል በወጣ በወሩ ክሊኒክ ሄዶ ሲመዘን ሁለት ኪሎ ጨምሮ ተገኘ፤ ይህ እውነት ነው። ሚስቱ ይህን ስትሰማ ፊቷ በራ። ለስድስት መቶ ተማሪ የምታበስል ሴት የገዛ ባሏን ማወፈር አቅቷት ሰው ፊት ስትሸማቀቅ ከርማለችና ያቺ ሁለት ኪሎ አንጀቷን አራሰችው። በሚቀጥለው ወር ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም። አትክልተኛው ምን እንደሚላት ሲያወጣ ሲያወርድ ቤቱ ደረሰ፤ በሩ ላይ ቆማ ስትጠብቀው ሲያያት «ሁለት ጨምሬያለሁ» ብሎ ተገላገለ። ከዚያ ወዲህ ሰውየው ባለበት ቆሞ፣ አንዳንዴም ወደ ታች እያለ፣ ኪሎው ብቻውን ይወፍር ጀመር። ሚስቱም ለጎረቤቱ ሁሉ ታወራለች። ማሽኑ በመጣ ሰሞን ወሬው ሰባ አምስት ደርሶ ነበር። የክሊኒኩ ሚዛን የሚያውቀው ግን ሃምሳ አምስት ብቻ ነው።

ማሽኑ ከጭነት መኪና ሲወርድ የግቢው ሰው ከቦ ቆመ። መሪ የለውም። በመሪ ፋንታ ከግራና ከቀኝ መጥተው ነጂው ጭን ላይ የሚገናኙ ሁለት እጀታዎች አሉት። ሁለቱን እኩል ሲገፏቸው ወደ ፊት ይሄዳል፤ እኩል ሲስቧቸው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ አንዱን ገፍተው ሌላውን ሲስቡ ደግሞ አንዲት እርምጃ ሳይራመድ ባለበት ይሾራል። ግዙፉ ዘበኛ ሲሾር አይቶ «ይሄ እኮ ሰው ያዞራል» አለና ራቅ ብሎ ቆመ። ማሽኑን ይዞ የመጣው ወጣት መካኒክ የሞተር ዘይቱ የሚለካበትን፣ ግራሶ የሚገባበትን፣ የሚጸዳውን የአየር ማጣሪያና ላልቶ እንደሆነ የሚታየውን ቺንጋ ሁሉ አሳየ። አትክልተኛው የገባውንም ያልገባውንም እኩል ራሱን እየነቀነቀ አለፈው።

«ይሄንን ደግሞ ልብ ይበሉ» አለ መካኒኩ ወንበሩን መታ መታ እያደረገ። «ከሥሩ ስዊች አለ። ነጂው ከወንበሩ ከተነሳ ወይ ከወደቀ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል። ምላጩ ሰው እንዳይቆርጥ ነው። ወንበሩን የሚሸከመውን ሞላ ደግሞ በነጂው ክብደት ልክ ነው የምገጥመው። ጋሼ፣ ስንት ኪሎ ነዎት?»

ጥያቄው ዱብ ዕዳ ሆነበት። በቀኙ አስተዳዳሪዋ፣ በግራው ዘበኛው፣ ፊት ለፊቱ ደግሞ ሚስቱ እጇን በሽርጧ እያበሰች ቆመዋል።

«ሰባ አምስት» አለ አፉን ሞልቶ።

መካኒኩ ከእግር እስከ ራሱ አየው። የአንዳንድ ሰው አጥንት ይከብዳል ብሎ ይሁን፣ ትልቅ ሰው አይዋሽም ብሎ ይሁን አይታወቅም፤ ብቻ ጠንካራውን ሞላ ገጠመና ስሱን ወደ መሣሪያ ሳጥኑ መለሰው። ለመጀመሪያው ሰርቪስ እስኪመለስ ድረስ ማንም ብሎን እንዳይነካ፣ ከተነካ ዋስትናው እንደሚሰረዝ አስጠንቅቆ ሄደ።

ማሽኑ ለጥ ባለው ሣር ላይ እንደ ቅቤ ነው የሄደው። አትክልተኛው ደረቱን ነፍቶ በኩሽናው መስኮት በኩል ሳያስፈልግ ሁለቴ አለፈ። ከግቡ አጠገብ ካለችው ጉብታ ሲደርስ ግን ወንበሩ አንዴ ወደ ላይ ሲያነሳው ሞተሩ ጸጥ አለ። አስነስቶ ሄደ፤ ትንሽ ጉድጓድ ሲያገኝ ደግሞ ጸጥ። ነዳጁን ጠረጠረ፤ ደህና ነው። የባትሪውን ሽቦ ነካካ፤ ጠብቋል። ካንዴላው ላይም ዓይኑን ጥሎ ነበር፤ ዋስትናው ትዝ ሲለው እጁን ሰበሰበ። ምናልባት እንክብካቤ አንሶት ይሆናል ብሎ ጠዋት ጠዋት በጨርቅ ይወለውለው፣ ከምላጩ ሥር የተጋገረውን ሣር በእንጨት ይፍቅለት፣ ጎማውን ይለካለት ገባ። ሚስቱ ይህን ሁሉ እያየች «እኔን እንኳ እንዲህ እጄን ይዘህ አስታመኸኝ አታውቅም» ትለዋለች። ማሽኑ እያብረቀረቀ ጠፋ።

ነገሩ የተገለጠለት አንድ ቀን ለአበባ መደብ የሚሆን አፈር በጆንያ ጭኑ ላይ አድርጎ ሜዳውን ሲያቋርጥ ነው። ጉብታዋ ላይ ሲወጣ እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፈነ፤ ሞተሩ ግን አልጠፋም። ማሽኑን አቁሞ ጆንያውን እንደታቀፈ ወደ ወንበሩ ጎንበስ አለ። ለከባድ ሰው የተገጠመው ሞላ እሱን እንደ ኳስ እያነጠረው ኖሯል፤ በነጠረ ቁጥር ስዊቹ ወንበሩን ባዶ አድርጎ ይቆጥረዋል። ለሚስቱ ብሎ የጨመራት ኪሎ ዞራ ዞራ ከወንበሩ ልታወርደው ነው። ዘበኛው መጥቶ ጆንያውን ለምን እንዳቀፈ ሲጠይቀው «ወገቤን ይሞቀኛል» አለው። ከዚያ የተሻለ አልመጣለትም።

ለጥቂት ጊዜ ከጆንያው ጋር ለማጨድ ሞከረ። ጆንያው ጭኑን ስለሞላው እጀታዎቹን እንደ ልብ መግፋት አልቻለም፤ ማሽኑም አንዱ እጀታ ተገፍቶ ሌላው እየቀረ በሜዳው መካከል ይሾር ጀመር። አስተዳዳሪዋ መስኮቷን ስትከፍት፣ አትክልተኛው አንድ ጆንያ አፈር አቅፎ ባለበት ሲዞር አየች። በማግስቱ ዘበኛው እንዲሞክረው አዘዘች። ማሽኑ ከዘበኛው ሥር ጉብታውንም ጉድጓዱንም እንዳላየ ሆኖ አለፈ። የታጨደው መስመር እባብ የሄደበት መስሎ መውጣቱንና አንድ ረድፍ አበባ አብሮ መታጨዱን ከአትክልተኛው በቀር ልብ ያለው ሰው የለም።

«እስከ ሰርቪሱ ድረስ እሱ ይንዳው» አለችው አስተዳዳሪዋ ቀስ ብላ። «ከዚያ በኋላ ቁርጡን እንነጋገራለን። እርስዎም ትንሽ ይረፉ።»

በር ላይ ተቀመጠ። ዘበኛው ክፉ ሰው አይደለምና ምሳ ሰዓት ላይ መጥቶ «ከወንበሩ ሥር ያሉትን ሁለት ሽቦዎች አገናኝተን እንገላገል፣ ወንድሜ። ያኔ ብትዘልም አይጠፋም» አለው። አትክልተኛው አሰበበት፤ እውነት ለመናገር ቆየት ብሎ ነው ያሰበበት። ከዚያ ጉብታዋ ላይ ነጥሮ ከወንበሩ ሲወድቅ፣ ከሥሩ የማይቆመው ምላጭ ታየው። «ሚስቴን ባል አልባ ከማደርጋት በር ልጠብቅ» ብሎ መለሰለት።

አንድ ተስፋ ብቻ ቀረው። መካኒኩ የሚገባው በበሩ ነው፤ በሩ ላይ ያለው ደግሞ እሱ ነው። ገና ሲደርስ ወደ ጎን ሳብ አድርጎ በጆሮው ሹክ ይለዋል፤ ልጁም ሞላውን ቀይሮለት ማንም ሳይሰማ ነገሩ ያልቃል። ዘበኝነት ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቅም ያለው ሥራ መሰለው።

መካኒኩ በመጣበት ሰዓት ግን ሚስቱ የምሳ ዕቃ ይዛለት በሩ ላይ ቆማ ነበር። አትክልተኛው «ልጄ፣ አንዴ ወዲህ» ብሎ ሳይጨርስ ቀደመችው።

«ምን ዓይነት ማሽን ነው ያመጣህልን? ሰባ አምስት ኪሎ ሰው ተቀምጦበት ሰው የለም ብሎ የሚጠፋ?»

ጩኸቷን ሰምታ አስተዳዳሪዋ ከቢሮዋ ወጣች፤ ዘበኛውም ማሽኑን እየነዳ መጣ። መካኒኩ ወንበሩን አንስቶ ስዊቹን ፈተሸ፣ ሽቦውን ተከተለ፣ ዘበኛውን አስቀምጦ አስነጠረው። ሁሉም ደህና ነው። ግራ ሲገባው ራሱን እያከከ፣ እንዲህ ከሆነ ማሽኑን ጭኖ ወደ ጋራዡ ወስዶ መፈተሽ እንዳለበት፣ መቼ እንደሚመለስም እንደማያውቅ ተናገረ። አስተዳዳሪዋ ተነፈሰች።

«እንግዲያው ይሂድ። ሲመለስ ዘበኛው ይረከበዋል፤ ጋሼም እዚሁ በሩ ላይ ይሁኑ።»

«ለምን ሲባል?» አለች ሚስቱ። «እኔ አይደለሁ የምመግበው? ኪሎውን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ሰባ አምስት ነው አልኩ፣ ሰባ አምስት ነው።»

መካኒኩ ወደ አትክልተኛው ዞረ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና… በትክክል ተመዝነው ነው?»

አትክልተኛው ሚስቱን አየ። ወገቧን ይዛ ከዓለም ሁሉ ጋር ለመጣላት ተዘጋጅታለች። ሜዳውን አየ፤ የእባቡን መስመር አየ። ዝም ቢል ሚስቱ አታፍርም፤ ሜዳው ግን የዘበኛው ሆኖ ይቀራል። ቢናገር ሜዳው ይመለስለታል፤ እሷ ግን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ባሏን ማወፈር ያቃታት ወጥ ሠራተኛ ሆና ትቀራለች።

«ሃምሳ አምስት ነኝ» አለ። «እሷ የነገርኳትን ነው የምትናገረው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ምግቡማ ምን ይወጣለታል።»

መጀመሪያ የተናገረው ዘበኛው ነው፤ «ሃያውን ኪሎ የት ጣልከው?» ብሎ ሳቀ። አስተዳዳሪዋም ሳቋን ለመያዝ ስትታገል ቆየችና «በኪሎ ነው እንዴ የቀጠርንዎት፣ ጋሼ?» አለችው። ሚስቱ ግን አልሳቀችም፤ ምሳ ዕቃውን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ወደ ኩሽናዋ ሄደች።

ስሱ ሞላ ተገጠመ። አትክልተኛው ማሽኑ ላይ ወጣና ጉብታዋን አንዴ አለፋት፤ ወንበሩ ዝቅ ብሎ ተቀበለው እንጂ አላነጠረውም። «ቁልፉ ከእርስዎ ጋር ይሁን» ብላ አስተዳዳሪዋ ወደ ቢሮዋ ተመለሰች። የዘበኛውን እባብ ሁሉ አቃንቶ ጨረሰ። ጨርሶም አልወረደም፤ የታጨደውን ደግሞ አጨደው። ከሥራ ፍቅር እንዳይመስላችሁ። ኩሽና መግባት ፈርቶ ነው።

ነዳጁ ሲያልቅበት ምክንያቱም አለቀ። በጓሮው በር ገብቶ ሚስቱ ጀርባ ቆመ። ድንች እየላጠች ነበር፤ ዞራም አላየችው።

«አዋረድኩሽ» አላት።

«ሱሪህን የምታጠብብልህ ማን ናት?» አለችው።

«አንቺ ነሻ።»

«ከታመምክ ወዲህ ወገቡን ሦስት ጊዜ አጥብቤ ሰፍቼዋለሁ። ሰው እየወፈረ ሱሪው የሚሰፋበት የት አይተህ ነው?»

«እያወቅሽ ነው እንግዲህ ቅድም ከልጁ ጋር ያን ሁሉ የተጣላሽው?»

«ታዲያ ሰው ፊት ልካድህ?»

«እኔንስ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ጨመርኩ ብለህ የመጣህ ቀን ደስ ይልሃል፤ ደስ ሲልህ ደግሞ ከሌላው ቀን ትንሽ ጨምረህ ትበላለህ። ለዚያች ትንሽ ስል አመንኩህ።»

ዓይኑ እንባ አቀረረ። በሽንኩርት ሊያሳብብ አሰበ፤ እሷ ግን ድንች ነበር የምትልጠው።

«ከእንግዲህ ክሊኒክ አብሬህ ነው የምሄደው» አለችው። «ሚዛኑ ላይ ስትወጣ አጠገብህ እቆማለሁ።»

«ቀንሼ ብገኝስ?»

ቢላዋዋን አስቀምጣ ዞረች።

«ቀንሰህ ከተገኘህ አብረን እንፈራለና። እስካሁን ለየብቻችን ነው የፈራነው።»