ታብሌቴ ውስጥ የገባው አንድ ሰው

ከጎጃም ተመድቤ ሐረር ማስተማር ከጀመርኩ ሰባት ወሬ ነው። ጀጎል ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። ሸዋ በር ከታክሲ ወርጄ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ስሜን የሚጠራ ሰው የለም።

ባለፈው ሐሙስ የተማሪዎችን ውጤት ዛሬውኑ ላክ ተባልኩ። ላፕቶፕ ተውሼ መጣሁና በስሜ ከሰየምኩት የታብሌቴ ሆትስፖት ጋር ላገናኘው ብል እምቢ አለ። ላፕቶፑን አጠፋሁት፣ አበራሁት፣ ያው ነው። ታብሌቱ «አንድ መሣሪያ ተገናኝቷል» ይለኛል። ሆትስፖቱን አጥፍቼው አላውቅም፤ ከአንድ በላይ እንዳይቀበል ያደረግኩትም ራሴ ነኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን ረስቻለሁ። ታዲያ ይህ አንዱ ማነው? አትሳቁብኝ፣ አልጋዬ ስር ሁሉ አይቻለሁ። በመጨረሻ የይለፍ ቃሉን ስቀይረው ላፕቶፑ ገባልኝ።

ውጤቱን ልኬ ትንሽ እንደቆየሁ በሬ ተንኳኳ። በሰባት ወር ውስጥ የመጀመሪያው መሆኑ ነው። ስከፍት አከራዬ አደ ሙና ስልካቸውን ይዘው ቆመዋል።

«አልሐምዱሊላህ፣ አለህ?» አሉኝ።

«አለሁ። ምነው አደ ሙና?»

«ስምህ ከስልኬ ጠፋብኝ። የመጣህ ሰሞን ከልጄ ጋር እንዳወራበት ብለህ ያንተን ኢንተርኔት አስገባህልኝ አይደል?»

«አሁንም ያወሩበታል?»

«ልጄማ መደወል ከተወች ቆየች። እኔ ስምህ ሲመጣ ገብቷል ብዬ የግቢውን በር እቀረቅርበታለሁ። ዛሬ መግሪብ ሰግጄ ባየው የለህም። ይኸው እስካሁን በሩን ከፍቼ ስጠብቅህ ነበር።»